ያሪስ 1.3 ቤንዚን በዛባት፤ በትንሽ ወጪ ምን ላስተካክል?

ባለ ያሪስ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ከዱባይ የገባች የ2008 ያሪስ ሴዳን ናት፤ ሞተሯ 2ኤንዜድ 1.3፣ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ። ከአያት በመገናኛ አድርጌ ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው፣ ያውም መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት። ፉል አስሞልቼ እንደገና ፉል እስካስሞላ ድረስ 342 ኪሎ ሜትር ሄዳ 38 ሊትር ወሰደች። በሊትር 9 ማለት ነው። ቀድሞ በዚሁ መንገድ ከ11 አትወርድም ነበር።

ቼክ ኢንጂን አልበራም፣ ጭስ የላትም፣ ጉልበቷም ደህና ነው። ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው አዲስ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሙቀት አስቸግሯት ጋራዥ ገብታ ተስተካክላለች፤ ከዚያ ወዲህ አትሞቅም፤ እንዲያውም ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ሰማያዊ የውሃ መብራት ቶሎ አይጠፋም። ጎማዋን ከፍ እንድትል ብዬ ከ175/65 አር14 ወደ 185/70 አር14 ቀይሬያለሁ። ዘይቷ 20ደብሊው-50 ነው።

የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔትና የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ «ቤንዚን ቆጣቢ» ሲሸጥ አያለሁ። ይሠራሉ? ወይስ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ላውለው?

የሞተር ሰው

ወንድሜ፣ ማግኔቱን ተወውና ሰማያዊውን መብራት ተከተለው። መልሱ እሱ ጋ ያለ ይመስለኛል።

«ሙቀት አስቸግሯት ተስተካከለች» ከሚለው በኋላ «ሰማያዊው ቶሎ አይጠፋም» ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቴርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ከልካይ) ወጥቶ መጣሉ ነው። እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ መኪና ሞቀች ሲባል ቴርሞስታት ይወጣል፣ ውሃው ያለ ከልካይ በራዲያተሩ ይዞራል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ቤንዚኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጨምራል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የሞተሩ ኮምፒውተር ውሃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ «ገና እየሞቅኩ ነው» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፣ ሚኒሞውንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። ኦቶማቲክ ካምቢዮውም ውሃው በቂ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ የቶርክ ኮንቨርተሩን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን) መቆለፊያ አይዘጋም፤ ስለዚህ ቀለበት መንገድ ላይ እንኳ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይዞራል። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ለማረጋገጥ ርካሽ የብሉቱዝ ኦቢዲ መሣሪያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ግዛ። ሶኬቱ ከመሪው ሥር፣ ከጉልበትህ አጠገብ ነው። በስልክህ የውሃውን ሙቀት ክፈትና 20 ደቂቃ ያህል ነድተህ እይ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ነው መከፈት የሚጀምረው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከ80 አልፎ እዚያው አካባቢ መርጋት አለበት። ስትነዳ 60ዎቹ ውስጥ የሚዋዥቅ ከሆነ ወይ ቴርሞስታት የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። እግረ መንገድህን «ሎንግ ተርም ፊዩል ትሪም» የሚለውንም እይ፤ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ የጨመረው ወይም የቀነሰው ቤንዚን በመቶኛ ነው። ከ10 በመቶ ወደላይም ወደታችም ካላለፈ መርጫዎቹና የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ብዙ አልተበላሹም። ከሲደመር 10 ካለፈ አየር የሚያስገባ ቱቦ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ፈልግ። የአየር መለኪያው ለራሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ነው የሚጸዳው፤ ሽቦው በጨርቅም በጥጥም አይነካም፣ ሳይደርቅም ሞተር አይነሳም። የካርቡራተር ማጽጃ አትጠቀም፤ ሽቦውን ያበላሸዋል።

ጎማና ፍሬን

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን ላስተካክልልህ፤ ምክንያቱም 9 ያልከው 9 አይደለም።

175/65 አር14 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 185/70 አር14 ደግሞ 615 ገደማ። ልዩነቱ 5.4 በመቶ ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን አሁንም በትንሹ ጎማ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ 342 ሲልህ በእውነት የሄድከው 360 ገደማ ነው፤ ለ38 ሊትር ሲካፈል 9.5 ይመጣል። ከጠፋብህ 2 ኪሎ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትሩ ያልጠፋ ነው። ፍጥነትህንም በዚያው ልክ አሳንሶ እንደሚያሳይህ እወቅ፤ 80 ሲል 84 ላይ ነህ።

ይህ ማለት ግን ጎማው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከባድና ሰፊ ጎማ በየመብራቱ ከቆመበት ለማስነሳት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። 1.3 ሞተር ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ትርፍ ጉልበት የላትም። ጎማው ሲያልቅ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመለስ፤ አሁን ለዚህ ብለህ አዲስ አትግዛ።

ንፋሱን በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያይ። ለዚህች መኪና 32 ወይም 33 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ከነዳህ በኋላ ከ2 እስከ 4 ፒኤስአይ ስለሚጨምር ሞቆ 32 ያነበበ ጎማ በእውነት 29 ሊሆን ይችላል። የነዳጅ ማደያና የጎሚስታ መለኪያዎች እርስ በርስ ስለማይስማሙ የራስህን ትንሽ መለኪያ ግዛና ሁልጊዜ በእሱ ለካ። አራቱም ጎማዎች 1 ፒኤስአይ ሲጎድሉ ቤንዚኑ በ0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በአንዱ ምንም አይመስልም፣ 8 ሲጎድል ግን ታየዋለህ፤ ጎማውም ዳርና ዳሩን ይበላል። ከ36 በላይ ግን አትንፋ፤ በጎርባጣው መንገድ ኩሽኔታና ሾክ አብዞርበር ትጎዳለህ፣ በዝናብም ፍሬን ይረዝምብሃል።

ቀጥሎ ፍሬን። መኪናዋን በክሪክ አንሳ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፤ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፍ። እያንዳንዱን ጎማ በእጅህ አዙር። የኋላዎቹ በነፃነት መዞር አለባቸው፤ የፊቶቹ ትንሽ ይከብዳሉ፣ ግን ቀኝና ግራው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው) መንሸራተቻ ፒን መድረቁ ነው። ፒኑን አውጥተህ አጽዳና የፍሬን ግሪስ ቀባ። ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከበፊቱ የባሰ ይይዛል። ከኋላ ከያዘ የእጅ ፍሬኑ ገመድ በጣም ተወጥሮ ወይም ዝጎ ይሆናል።

ባለ ያሪስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙቀቱ ስነዳ ከ61 እስከ 66 ነው፤ ሰልፍ ላይ ስቆም ብቻ 70 ይነካል። ፊዩል ትሪሙ ሲቀነስ 3 ነው። የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ልግጠመው? እንደገና ብትሞቅብኝስ?

የሞተር ሰው

ግጠመው፤ ግን ለምን እንደሞቀች ሳታውቅ አይደለም። ቴርሞስታቱን ያስወጣው ችግር አሁንም እዚያው ይሆናል።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ተመልከት። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ውስጡን በ1 ባር ገደማ ይጨምቅና መፍላቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ጤነኛ ሞተር እንኳ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ይህን ያህል የማይጎዳ ክዳን እዚህ ሞተር ያስፈላል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሳትጠራጠር ቀይረው፣ ግን አሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይተህ እሱኑ ግዛ። ሞተሩ ሞቆ ክዳን እንዳትከፍት። ከዚያ ቬንቲሌተሩ መነሳቱን፣ የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በነፍሳት አለመደፈናቸውን እይ።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠምህ በፊት ፈትነው። በድስት ውሃ ውስጥ ግርጌውን ሳይነካ በክር አንጠልጥልና ቴርሞሜትር ጨምረህ አሙቅ። 80 ዲግሪ አካባቢ መንቀሳቀስ መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ካላየኸው አትደንግጥ፤ ሙሉ መከፈቻው 95 ነው፣ የእኛ ድስት ደግሞ 92 ላይ ይፈላል።

ሲገጠም አዲስ የጎማ ቀለበት አድርግበት፤ ትንሿ የምትንቀሳቀሰው አየር ማስወጫ ወደላይ ትሁን። ቤቱ አልሙኒየም ነው፣ ቦሎኑን በኃይል ካጠበቅከው ጥርሱ ይበላል። ንጹሕ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ቀላቅለህ ሙላ፤ 5 ሊትር ካዘጋጀህ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ውስጡን ያዝጋል፣ ያ ዝገት ነው ራዲያተሩን የሚደፍነው። የማሞቂያውን ቁልፍ ወደ ሙቅ አዙርና ክዳኑን ሳትዘጋ ሞተሩን አስነሳ፣ አረፋው እስኪያልቅ እየጨመርክ ቆይ፤ ከዚያ ክዳኑን ዝጋ። አየር ከቀረ ሙቀቱ በድንገት ይዘላል፣ ሰውም «ይኸው ቴርሞስታቱ አሞቃት» ብሎ መልሶ ያወጣዋል።

ዘይቱን በተመለከተ 5ደብሊው-30 አድርግ፤ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይበቃታል። 20ደብሊው-50 ጠዋት በቅዝቃዜ ሲዞር ይከብዳል፤ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቤንዚን ይወስዳል። ሞተሩ አርጅቶ ዘይት የሚበላ ከሆነ ብቻ ትንሽ ወፈር ያለውን መያዝ ያስኬዳል።

ቁጥር ወዳጅ

ስለ ማግኔቱ የጠየቅከው ሳይመለስ እንዳያልፍ። ቤንዚን በማግኔት የሚለወጥ ፈሳሽ አይደለም። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውም ከመርጫዎቹ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም፤ መብራት ከማብራት ያለፈ ሥራ አይሠራም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ «ነዳጅ ቆጣቢ» የተባሉ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ለውጥ ያሳዩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የእነሱም ቁጠባ ትንሽ ነበር። ከውሃ ሃይድሮጅን አውጥቶ ሞተር ውስጥ የሚከተውም እንዲሁ ነው፤ ውሃውን የሚሰነጥቀው ኤሌክትሪክ ከዲናሞው ይመጣል፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቤንዚኑ ነው። በየደረጃው ይባክናል እንጂ አይተርፍም።

እጅህ ላይ ያለው ትልቁ ቁጠባ ግን ቆሞ መቃጠሉ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም በሰዓት 0.7 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፤ ኤሲ ካለ ይጨምራል። በመጨናነቅ አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢሆን 360 ኪሎ ሜትር 20 ሰዓት ነው። ከዚያ ሲሶው ቆመህ ካለፈ 4 ሊትር ተኩል ያለ አንዲት ሜትር ጉዞ ሄደ ማለት ነው። ሰልፉ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደማይንቀሳቀስ ስታውቅ አጥፋ። ባትሪው ደካማ ከሆነ ግን ይቅር፣ መንገድ ላይ ያስቀርሃል።

ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ በመርጫ ሞተር ይህ ቤንዚን ያስጨምራል። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሳ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ጭራሽ ያቆማል፤ ዜሮ ስታደርግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫል። ከእንጦጦ ሲወረድ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ደግሞ ጉዳዩ የቤንዚን ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ብቻውን ከያዘ ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል።

ፖርቶ መጋላ ካለህና ካልጫንክበት አውርደው። ከተማ ውስጥ ብዙም አይታወቅም፤ በአዳማው ፈጣን መንገድ ግን ይታወቃል።

ዲኤክስ ነጂ

ይቅርታ ልግባበት። ይህ ሁሉ ለካርቡራተር መኪናም ይሠራል? መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ባለ 2ኢ ሞተር ነው፤ ካንዴላው ሁልጊዜ ይጠቁራል።

የሞተር ሰው

ቴርሞስታቱ፣ ጎማውና ፍሬኑ ለአንተም ያው ነው። ያንተ ተጨማሪ ችግር ከፍታው ነው። መርጫ ያለው ሞተር አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ካርቡራተር ግን አይለካም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ለቆላ የተዘጋጀ ካርቡራተር ቅልቅሉን ከ10 በመቶ በላይ ያበዛዋል። የሚያጠቁረው አንዱ ይህ ነው።

ግን ጀት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ከመንካትህ በፊት ቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበውን) እይ። ሞተሩ ሲሞቅ የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፤ በግማሽ ከቀረ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የፍሎቱን (የካርቡራተሩን ቤንዚን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ) ልክና የመርፌውን መቀመጫ፤ የሚያፈስ መርፌ ጥቁር ካንዴላ ይሰጥሃል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ዋናው ጀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ግጠም። ካንዴላው ደረቅ ቡናማ መሆን አለበት። ከነጣ አሳንሰሃል፣ ወዲያው መልሰው፤ ቫልቭ ያቃጥላል። ጀቱ ውስጥ ሽቦ እየከተቱ ማጥበብ ግን አይሁን፤ ልኩ አይታወቅም፣ ሽቦውም ሲላቀቅ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ዲስትሪቢዩተሩንም (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ከፋብሪካው ቁጥር 2 ዲግሪ ማስቀደም እዚህ ጉልበት ይሰጣል። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ ግን ከመውረድህ በፊት ዲስትሪቢዩተሩንም ጀቱንም ወደነበሩበት መልስ፤ ቆላው ላይ አየሩ ይከብዳል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል።