ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ መኪና ተጠግኖ አልስተካከል ሲል ምትኩን ወይም ገንዘቡን እንዴት እናስመልስ?

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ አዲስ መኪና ከዲለር ከገዛ 11 ወር ሆነው። ዋጋው ታክስ ሳይጨምር 34,000 ዶላር ነው፤ የተገዛውም በሎን ነው። ኦዶሜትሩ 4,200 ማይል ሲደርስ ሀይዌይ ላይ ጉልበት ማጣት ጀመረ። ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ ትንሽ ቆይቶ በድንገት ይወረወራል። ሦስት ጊዜ አስገባነው። መጀመሪያ ሶፍትዌር ጫኑበት፣ ቀጥሎ የትራንስሚሽኑን ቫልቭ ቦዲ ቀየሩለት፣ በሦስተኛው «ችግር አላገኘንበትም» ብለው መለሱልን። በድምሩ 24 ቀን እነሱ ጋ ቆሟል። አሁንም ያው ነው። ሰርቪስ ክፍሉ «መቀየር አንችልም፣ ከፈለጋችሁ ትሬድ ኢን አድርጉት» ይለናል። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይሠራበታል። ከየት እንጀምር?

መልስ (የፌርፋክስ ነዋሪ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ትሬድ ኢን እንዳታደርጉት። ትሬድ ኢን ማለት የተበላሸውን መኪና በወረደ ዋጋ ሸጣችሁ በአዲስ ውል ሌላ መግዛት ነው። ከሎኑ የጎደለው በአዲሱ ዕዳ ላይ ይደመርባችኋል፤ የምትከራከሩበት መኪናም ከእጃችሁ ይወጣል።

ሰርቪስ ክፍሉ «አንችልም» ማለቱ እውነቱን ነው፤ ሥልጣኑ የለውም። የቨርጂኒያ ሌመን ሎው (ተጠግኖ የማይስተካከል አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግ) ግዴታውን የጣለው በዲለሩ ላይ ሳይሆን መኪናውን በሠራው ኩባንያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ወራቱን ከዲለሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ይጨርሳል፣ ኩባንያው ግን አንድም ወረቀት ሳይደርሰው ጊዜው ያልፋል።

ጊዜው መኪናውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ነው። በዚህ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ከተሟላ ሕጉ ለኩባንያው በቂ የመጠገን ዕድል እንደተሰጠው ይገምታል። አንደኛው፣ ያው ብልሽት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተጠግኖ አሁንም ካለ። ሁለተኛው፣ ብልሽቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ ማለትም መኪናውን መቆጣጠር የሚያሳጣ ወይም እሳት ሊያስነሳ የሚችል ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ተጠግኖ አለመስተካከሉ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው፣ መኪናው ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከቆመ። ቀኑ የሚቆጠረው በካላንደር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይገባል፣ ሎነር (እስኪጠገን የሚያውሱት መኪና) ቢሰጧችሁም የእናንተው መኪና ቆሟልና ይቆጠራል። በጦርነት፣ በሥራ ማቆም አድማ፣ በእሳት ወይም በጎርፍ ሳቢያ የዘገየ ጥገና ግን አይገባም።

እናንተ 30 ቀን አልሞላችሁም፤ አያስፈልጋችሁምም። በሦስቱ ጥገና ትቆማላችሁ። ሀይዌይ ላይ ጉልበት የሚያጣ መኪና የደኅንነት ጉዳይ ነው ብላችሁ ሁለተኛውንም አብራችሁ አንሱ። የቀራችሁ 7 ወር ነው፤ «ክፍል አዘናል፣ ጠብቁ» እየተባለ እንዳይበላባችሁ።

መልስ (ስፕሪንግፊልድ፣ መካኒክ)

ሦስተኛው ወረቀት ላይ «ችግር አልተገኘም» የተባለው እንዳለ ከቀረ ኩባንያው የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ ብልሽቱ የማይታያቸው ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

የገለጻችሁት ትራንስሚሽን ሲንሸራተት የሚታይ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚወጣው የትራንስሚሽኑ ዘይት በደንብ ሲሞቅ ነው። ቴክኒሺያኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና አስነስቶ ሰፈሩን አሥር ደቂቃ ዞሮ ይመልሰዋል፤ በቀዝቃዛ ዘይት ምንም አያይም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሀይዌይ ላይ ንዱት፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ግቡና ሾፕ ፎርማኑ (የመካኒኮቹ አለቃ) አብሯችሁ እንዲነዳ ጠይቁ። ቁልፍ ጥሎ መሄድ አይበቃም።

ቪዲዮ ያዙ። የሚቀርጸው ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይሁን። የአርፒኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ቆጣሪውና የፍጥነቱ ቁጥር በአንድ ፍሬም ውስጥ ይታዩ፤ አርፒኤሙ ከ2,000 ወደ 4,000 ሲዘል ፍጥነቱ ባለበት ሲቆም ከታየ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዲለር ውጭ ባለ ጋራዥ አታስከፍቱት፤ «ሌላ ሰው ነካክቶታል» ይባላል፣ ያ ጥገናም ከሦስቱ አይቆጠርም። የሚቆጠረው የዚያ ብራንድ ፈቃድ ያለው ዲለር የሠራው ነው፤ የግድ የሸጠላችሁ መሆን ግን አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ሌላ ከተማ ያለውንም መሞከር ትችላላችሁ። በርካሽ ስካነር የብልሽት ኮድ አታጥፉ፣ ባትሪም አትንቀሉ። ኮምፒውተሩ ብልሽቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረውን ሙቀት፣ ፍጥነትና አርፒኤም የሚይዘው ከኮዱ ጋር ነው፤ ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሌላው የወረቀቱ ነገር ነው። መኪናው በገባ ቁጥር ሪፔር ኦርደር ይሰጣችኋል። የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ማይሉ፣ እናንተ የተናገራችሁት፣ እነሱ ያገኙትና የቀየሩት ክፍል እዚያ ላይ መኖር አለበት። ቃላችሁ በየጊዜው አንድ ይሁን። አንዴ «ድምፅ አለው»፣ አንዴ «ይነዝራል»፣ አንዴ «መብራት በራ» ካላችሁ ኩባንያው ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠገነው ይላችኋል። ምልክቱን ብቻ ንገሩ እንጂ «ትራንስሚሽኑ ነው» እያላችሁ ምርመራውን እናንተ አትሥሩላቸው። ሰርቪስ አድቫይዘሩ አሳጥሮ ሲጽፈው ሳትፈርሙ አስተካክሉት። የዘይት ለውጥ ደረሰኞችንም ሰብስቡ፤ «በአያያዝ ጉድለት ነው» የሚለው መከላከያ የሚዘጋው በእነሱ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሦስቱም ወረቀት አለን፤ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ «ሲፈጥን ጉልበት ያጣል» ነው የሚለው፣ ሦስተኛው ላይ ግን «ደንበኛው ስለ ትራንስሚሽን ጠይቋል» ብቻ ተጽፏል። ለኩባንያው ስልክ ደውለን መዝገብ ቁጥር ሰጥተውናል። እሱ አይበቃም? ኡበሩስ ያበላሽብናል?

መልስ (የፌርፋክስ ነዋሪ)

ስልኩ አይበቃም። ኩባንያው እንዲያውቀው ተደርጓል የሚባለው በጽሑፍ አቤቱታ በፖስታ ሲላክለት፣ ወይም እሱ ራሱ ስለ አቤቱታው በጽሑፍ ሲመልስላችሁ፣ ወይም የፋብሪካው ተወካይ መኪናውን ሲመረምር ወይም ስለዚሁ ብልሽት ከእናንተ ወይም ከዲለሩ ጋር ሲገናኝ ነው። ከስልኩ በኋላ ኢሜይል ልከውላችሁ ከሆነ አትሙና አስቀምጡት። ያም ሆኖ ደብዳቤ ላኩ።

አድራሻው በዋራንቲ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ የዲለሩን አድራሻ አትጠቀሙ። በሰርቲፋይድ ሜይል (በተመዘገበ ፖስታ) ከሪተርን ሪሲት ጋር ይሂድ፣ መድረሱን የምታረጋግጠው አረንጓዴ ካርድ ስትመለስ ከፋይሉ ጋር ትያያዝ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ይሁን፤ ቁጣ አይግባበት። የባለቤትሽ ስም፣ የመኪናው ሞዴልና ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተረከባችሁበት ቀን፤ ቀጥሎ ብልሽቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ የየጥገናው ቀን፣ ማይልና የተሠራው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ የጎደለውን እዚህ አቃኑት፦ «በዚህ ቀን መኪናውን ያስገባነው በፊት ሁለት ጊዜ ለተጠገነው ለዚያው ብልሽት ነው» በሉ። መጨረሻው ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉ፦ «በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት ተመላሽ ገንዘብ እንጠይቃለን» ወይም «ተመጣጣኝ ምትክ መኪና እንጠይቃለን»። «መፍትሔ ስጡን» ብቻ ካላችሁ የመፍትሔው ምርጫ የእነሱ ይሆናል። የሪፔር ኦርደሮቹን ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጡ።

እስካሁን በጽሑፍ ያልተነገራቸው ከሆነ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ከ15 ቀን ያልበለጠ አንድ ተጨማሪ የመጠገን ዕድል ይኖራቸዋል። አትከልክሏቸው። በቀጠሩት ቀን አስገቡ፣ ሪፔር ኦርደር ተቀበሉ፤ በዚያ የሚቆምበትም ቀን በ24ቱ ላይ ይደመራል።

ስለ ኡበሩ፦ ሕጉ የሚለው መኪናው «በጉልህ ድርሻው ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት» የሚውል ይሁን ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሠራና በሳምንቱ ቤተሰቡ የሚገለገልበት ከሆነ ይህን በማይል ማሳየት ትችላላችሁ፤ የኡበር አፑ የሥራውን ማይል ይመዘግባል፣ ቀሪው የእናንተ ነው። ሙሉ ሳምንት ታክሲ የሚሠራ መኪና ግን በዚህ ሕግ ይቸገራል። ታክስ ስታስገቡ ለሥራ ነው ብላችሁ የቀነሳችሁት ማይል እዚህ ከምትናገሩት ጋር እንዳይጋጭ፤ ጠበቃቸው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ሊሆን ይችላል።

መልስ (ውድብሪጅ፣ የሒሳብ ባለሙያ)

ሒሳቡን ላስቀምጥ፤ ሰው በወሬ እየፈራ ነው መብቱን የሚተወው።

በተመላሹ ውስጥ የሚገባው የውሉ ሙሉ ዋጋ፣ የሽያጭ ታክስ፣ የታይትልና የምዝገባ ክፍያ፣ የከፈላችሁት ወለድ፣ ከሌላ ወገን የማይመለስ ከሆነ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ፣ እንዲሁም በብልሽቱ ምክንያት የወጣ እንደ ቶዊንግና ኪራይ መኪና ያለ ወጪ ነው። የሚቀነሰው የተጠቀማችሁበት ማይል ነው፤ እሱም አይአርኤስ (የፌደራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ለሥራ ማይል ከሚፈቅደው ከግማሽ አይበልጥም። በፈረንጆቹ 2025 ተመኑ 70 ሳንቲም ስለነበር ግማሹ 35 ሳንቲም ነው። ማይሉ የሚቆጠረውም ብልሽቱን መጀመሪያ ለዲለሩ ወይም ለኩባንያው እስካስታወቃችሁበት ድረስ ነው፤ ዛሬ ኦዶሜትሩ ላይ ያለው አይደለም።

በእናንተ ቁጥር፦ 34,000 ሲደመር የቨርጂኒያ 4.15 ከመቶ ታክስ 1,411፣ ሲቀነስ 4,200 ማይል በ35 ሳንቲም 1,470፤ ውጤቱ 33,941 ዶላር። ወለዱና ሌላው ገና አልተደመረም። ከዚህ ላይ መጀመሪያ ባንኩ ቀሪ ዕዳውን ይወስዳል፣ የተረፈው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ያ የ4,200 ማይል ሪፔር ኦርደር ከሁሉም ወረቀት ይበልጣል። «ዛሬ 13,000 ማይል ነውና 4,550 እንቀንሳለን» ቢሏችሁ እሱን አሳዩ።

የወር ክፍያችሁን ግን አታቋርጡ። ሎኑ ከባንኩ ጋር ያለ ውል ነው፤ ካቋረጣችሁ መኪናው ይወሰዳል፣ ክሬዲታችሁም ይበላሻል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህ ሁሉ ሜሪላንድም ይሠራል? ተመሳሳይ መኪና ነው ያለኝ።

መልስ (የፌርፋክስ ነዋሪ)

አይሠራም፣ ሜሪላንድ የራሱ ቁጥር አለው። ጊዜው 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ያው ብልሽት አራት ጊዜ መጠገን አለበት፤ የ30 ቀኑ ግን አለ። የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት ከሆነና በእሱ ምክንያት የስቴቱን ኢንስፔክሽን የማያልፍ ከሆነ አንድ ጥገና ይበቃል። በሰርቲፋይድ ሜይል ማስታወቅ ግዴታ ነው፣ ኩባንያው ከዚያ 30 ቀን አለው። የአጠቃቀም ቅናሹም እስከ ዋጋው 15 ከመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከቨርጂኒያ በጣም የከበደ ነው። ማይልህን ዛሬውኑ እይ፤ ብዙ ለሚነዳ ሰው 18,000 ከ24 ወር በፊት ይሞላል።

ጠያቂዋ

ምትክ ይሻላል ወይስ ገንዘብ? እስኪወሰንስ መኪናውን ማቆም አለብን?

መልስ (ስፕሪንግፊልድ፣ መካኒክ)

በፌደራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በሞዴልና በዓመት ፈልጉ። የሌሎች ባለቤቶች አቤቱታና ፋብሪካው ለዲለሮች የላካቸው የቴክኒክ መመሪያዎች እዚያ ይገኛሉ፤ ሪኮል ካለም በሻንሲ ቁጥር ይወጣል። ስለዚሁ ትራንስሚሽን ብዙ አቤቱታ ካለ ችግሩ የሞዴሉ ነውና ምትኩም ያንኑ ይዞ ይመጣል፤ ገንዘቡን ውሰዱ። ችግሩ የእናንተ መኪና ብቻ ከሆነ ምትክ ጥሩ ነው። ያገኛችሁትን መመሪያ አትማችሁ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ፤ ፋብሪካው ችግሩን እንደሚያውቅ ከራሱ ወረቀት በላይ የሚያሳይ የለም።

መልስ (የፌርፋክስ ነዋሪ)

ከምትክ ይልቅ ገንዘብ መምረጥ በቨርጂኒያ የእናንተ ሙሉ መብት ነው፤ ኩባንያው «ምትክ ብቻ» ሊላችሁ አይችልም። ምትክ ከመረጣችሁም የምትቀበሉት ተመጣጣኝ መኪና መሆን አለበት። ያኔ ባንኩ በነበረው ሎን ላይ መኪናውን ብቻ እንዲቀይር ጠይቁ፤ አዲስ ሎን ከፈረማችሁ ወለዱ በዛሬው ተመን ይሆናል። ምትኩ ወይም ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ መኪናውን መንዳት ሕጉ ይፈቅድላችኋል። ሆኖም በ495 ላይ ጉልበት የሚያጣ መኪና ውስጥ ልጆች አታስገቡ፣ ባለቤትሽም ተሳፋሪ አይጫንበት።

ኩባንያው እምቢ ካለ ሁለት በር አለ። አንዱ ሽምግልና ነው፤ ኩባንያው ካቋቋመው አሠራሩ በዋራንቲ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፣ ውሳኔውን ካልተቀበላችሁት አያስራችሁም። ሌላው ፍርድ ቤት ነው። ከረታችሁ የጠበቃና የኤክስፐርት ክፍያ ከኩባንያው ይጠየቃል፤ ስለዚህ ጠበቆች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይይዛሉ። ከመፈረማችሁ በፊት «ብንሸነፍ ምን እንከፍላለን?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። እንዲሁም ዲለሩ ጋ የፈረማችሁት ውል ውስጥ ክርክር በሽምግልና ብቻ ይታያል የሚል አንቀጽ መኖሩን ለጠበቃው አሳዩ። የስምምነት ሐሳብ እየተለዋወጣችሁ 18 ወሩ ቢቃረብ አትዘናጉ፤ ክሱ በጊዜው መግባት አለበት።

በመሀል «ለመልካም ግንኙነት» ተብሎ ሁለት የወር ክፍያ ወይም ነፃ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ከእሱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ላለማንሳት የሚያስፈርም ነው፤ ሳይነበብ እንዳይፈረም።

መልስ (ውድብሪጅ፣ የሒሳብ ባለሙያ)

የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ከባንኩ የዚያን ቀን ፔይኦፍ (ሎኑን ለመዝጋት የሚከፈለውን ቀሪ ዕዳ) በጽሑፍ አስመጡ፤ ቼኩ ከዘገየ የየቀኑ ወለድ ማን ላይ እንደሚወድቅ ስምምነቱ ውስጥ ይግባ። ኦዶሜትሩን ፎቶ አንሡ፣ ታርጋውን ፍቱ፣ ኢዚ ፓሱን አውጡ፣ ስልካችሁንና የቤታችሁን አድራሻ ከመኪናው ስክሪን ላይ አጥፉ። ኢንሹራንሱን የምትሰርዙት መኪናውን መረከባቸውን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ከያዛችሁ በኋላ ነው።