የዛሬው ክርክር፦ የኤስኪውኤልን (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋን) ስታንዳርድ አጥብቆ መያዝ ከአፕግሬድ ጣጣ ያድናል?

አወያይ፦ ኮድ ስንጽፍ ከስታንዳርዱ ውልፍት አንበል ወይስ ዳታቤዙ የሚሰጠንን ሁሉ እንጠቀም? ቨርዥን ሲቀየር ምን እንደሚሰበር እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ።

ሰንጠረዥ፦ ውልፍት አንበል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ከ5.7 በፊት ግሩፕ ባይ (ረድፎችን በቡድን የሚሰበስበው ትእዛዝ) ውስጥ የሌለ ኮለም (ዓምድ) ሰሌክት (የሚወጣው ዝርዝር) ላይ ቢጻፍም ዝም ብሎ ያሳልፍ ነበር፤ ከቡድኑ ካሉት ረድፎች ያገኘውን አንስቶ ይሰጣል። 5.7 ላይ ኦንሊ ፉል ግሩፕ ባይ የሚባለው ሞድ (የአሠራር ቅንብር) ዲፎልት ሲሆን ያው ኪዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ኤረር መስጠት ጀመረ። ብዙው ሰው ታዲያ ሞዱን ያጠፋል። ኤረሩ ይጠፋል፣ የተሳሳተው ቁጥር ግን ሪፖርቱ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ከቡድኑ የትኛው እሴት እንደሚፈለግ በማክስ (ትልቁን) ወይም በሚን (ትንሹን) በግልጽ መናገር ነው።

8.0 ደግሞ ግሩፕ ባይ በራሱ መደርደሩን አስቀረ። ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኤረር እንኳ የለውም፤ ዝርዝሩ ብቻ ይዘበራረቃል። ኦርደር ባይ (መደርደሪያውን ትእዛዝ) የጻፈ ሰው ምንም አልነካውም። ራንክ የሚል ኮለም የነበረውም እዚያው 8.0 ላይ ሲንታክስ ኤረር ገጠመው፤ ቃሉ ግን ከ2003ቱ ስታንዳርድ ጀምሮ ለቋንቋው የተያዘ ነው።

ኢንዴክስ፦ በግሩፕ ባዩ እስማማለሁ። ስታንዳርዱ ግን መልሱ ምን እንደሆነ እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ አይነግርህም። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ እስከ 11 ድረስ በዊዝ (ለንዑስ ኪዌሪ ስም በሚሰጠው ትእዛዝ) የተጻፈን ኪዌሪ ለብቻው ያሰላ ነበር። ከ12 ጀምሮ አንዴ ብቻ ከተጠራና ዳታ የማይቀይር ከሆነ በአብዛኛው ከዋናው ኪዌሪ ጋር ያዋህደዋል። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ መልሱም ያው ነው፤ ኪዌሪዎቹ እንዳይዋሃዱ ዊዝን እንደ አጥር ይጠቀምበት የነበረ ሰው ግን ፕላኑ (ዳታቤዙ ኪዌሪውን የሚያስኬድበት መንገድ) ተገለበጠበት። ማስተካከያው ማቴሪያላይዝድ (ለብቻው አስላ) የምትለው ቃል ናት፣ እሷ ደግሞ ስታንዳርድ ውስጥ የለችም!

ሜርጅንም (ረድፉ ከሌለ የሚያስገባውን፣ ካለ የሚያድሰውን ትእዛዝ) እንይ። ስታንዳርድ ነው፣ ፖስትግሬስም 15 ላይ አስገብቶታል። ሁለት ኮኔክሽን እኩል ያንኑ ቁልፍ ሊያስገቡ ሲመጡ ግን አንዱ የዩኒክ ኤረር (ቁልፉ ተደግሟል የሚል) ሊደርሰው ይችላል። ከ9.5 ጀምሮ ያለው፣ ስታንዳርድ ያልሆነው ኦን ኮንፍሊክት ወይ ያስገባል ወይ ያድሳል። ለስታንዳርድ ብዬ ይህንን ልተው?

ሰንጠረዥ፦ አትተወው፣ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ ሰብስበው። ዐርባ ቦታ ከተበተነ በአፕግሬድ ቀን ማን ያገኘዋል?

ባክአፕ፦ ሁለታችሁም ኪዌሪው ላይ ብቻ ናችሁ። ሰንጠረዥ ያነሳው ሞድ የማጥፋት ልማድ ሌላ መዘዝ አለው። ሰዎች የማይኤስኪውኤል 5.7ን የሞዶች ዝርዝር ገልብጠው አንዱን ብቻ ሰርዘው ኮንፊግ ፋይል ላይ ይለጥፋሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ኖ አውቶ ክሪኤት ዩዘር የሚባል ሞድ አለ። 8.0 ያንን ሞድ ስላስወገደ ሰርቨሩ ጭራሽ አይነሳም። የትኛው ኪዌሪ ስታንዳርድ እንደሆነ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ክርክሩን ትታችሁ ሙከራ አድርጉ። የዳታውን ቅጂ አዲሱ ቨርዥን ላይ ጫኑ፤ ከሎግ የሰበሰባችሁትን ኪዌሪ በሁለቱም ላይ አስኪዱና የረድፉን ብዛት፣ ቅደም ተከተሉንና ኤክስፕሌይን የሚያወጣውን ፕላን አስተያዩ። በፒጂ አፕግሬድ (በፖስትግሬስ ቨርዥን መቀየሪያ) ወደ 17 ወይም ከዚያ በታች የምትሻገሩ ከሆነ መጀመሪያ አናላይዝ አድርጉ፤ አናላይዝ የሚሰበስበው፣ ፕላን የሚመረጥበት ስታቲስቲክስ አብሮ ስለማይሄድ ሳታደርጉ የለካችሁት ፍጥነት ዋጋ የለውም።

ኢንዴክስ፦ ይሄ እኮ የእኔ ወገን ክርክር ነው።

ሰንጠረዥ፦ አይደለም። ኦርደር ባይ የሌለበትን ኪዌሪ ቅደም ተከተል በምን ታስተያየዋለህ? መጀመሪያ እሱን ጻፍ።