ግራጫ የቀባነው ሳሎን ለምን ሰማያዊ መሰለ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ሳሎናችንን ነጣ ባለ ግራጫ አስቀብተን ነበር። በናሙናው ካርድ ላይ ጥርት ያለ ግራጫ የነበረው ቀለም ግድግዳው ላይ ካረፈ በኋላ ሰማያዊ ሆኖ ታየን፤ ክፍሉም ቅዝቅዝ አለብን። ሶፋው ጠቆር ያለ ግራጫ ሲሆን ወለሉ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ እንጨት ነው። ባለቤቴ እንደገና ይቀባ ትላለች፤ እኔ ግን ምክንያቱን ሳናውቅ ሌላ ግራጫ ብንመርጥ ያው ስሕተት እንዳይደገም እሰጋለሁ። ግራጫን ሳንተው ቤቱን ሞቅ ማድረግ ይቻል ይሆን?

መልስ 1፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው። ግራጫ ተብሎ የሚሸጥ ቀለም ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጡ ሌላ ቀለም ይዟል፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ከነጭና ከጥቁር ብቻ የተበጠበጠው እንኳ ብዙ ጊዜ ሰማያዊነት ስለሚታይበት፣ ሞቅ ያለ ግራጫ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ቡናማ ወይም ቢጫ አፈርማ ቀለም የገባበትን መምረጥ ይኖርበታል። አንድ ግራጫ ብቻውን ሲታይ ምሥጢሩን አያወጣም። ሦስት አራት ናሙናዎችን በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢደረድሯቸው ግን የትኛው ወደ የት እንደሚያደላ ወዲያው ይለያል።

የክፍሉም ብርሃን ድርሻ አለው። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት ክፍል በቀን የሚያገኘው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማዩ የሚንጸባረቅ ስለሆነ ራሱ ሰማያዊነት አለው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ወለሉ መዘንጋት የለበትም። ጎብላን በተባለው የፓሪስ የምንጣፍና የመጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሸቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ሲመረምር፣ ጉድለቱ ከክሩ ሳይሆን ከጎኑ ካሉት ቀለሞች መሆኑን አረጋገጠ፤ ጥናቱንም በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በእርስዎም ቤት ብርቱካናማው ወለል ከጎኑ ያለውን ግራጫ ወደ ተቃራኒው፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ፣ እየገፋው ነው። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት የወለሉን ሰፊ ክፍል ክሬም በሆነ የሱፍ ምንጣፍ ሸፍነው ይመልከቱት።

አምፖሎቹንም ይፈትሹ። የብርሃናቸው ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። 6500 ኬልቪን የሚል ከሆነ ማታም ሰማያዊው አይለቅዎትም፤ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ግን ግራጫን ያሞቀዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አምፖሎቹ በእርግጥም 6500 ኬልቪን ሆነው አገኘናቸውና በ2700 ለወጥናቸው፤ ማታ ማታ ሰማያዊው ጨርሶ ጠፍቷል ማለት እችላለሁ። ቀን ላይ ግን አሁንም አለ። ስለዚህ ቡናማ የገባበት ግራጫ በትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብተን፣ ጠዋት ከመስኮቱ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ከሶፋው ጀርባ እያቆምን ስናየው ሰነበትን። ካርቶኑን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ስናገጥመው ግድግዳው ያለ ጥርጥር ሰማያዊ ነበር። ቀቢውን ለሚቀጥለው ሳምንት ጠርተነዋል፤ ሶፋው ባለበት ይቆያል።