ጥቆማ፦ የሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ሞተር ድምፅ የሚለይ መካኒክ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) አካባቢ

ባለ ሱባሩው
ሰላም ለሁላችሁ። የ2011 ደብሊው አር ኤክስ አለኝ፤ 2.5 ቱርቦ፣ ማኑዋል። ማይሉ 118 ሺህ ገብቷል። ሰሞኑን የማላውቀው ድምፅ ጀምሮታል። ጠዋት ሲነሳ ሰላም ነው። ከሞቀ በኋላ ግን 2,500 አር ፒ ኤም አካባቢ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ከታች በኩል "ኳ ኳ ኳ" ይላል። ቼክ ኢንጂን አልበራም፣ የዘይት መብራትም የለም። ሦስት ቦታ አስቤያለሁ። ዲለሩ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያለው የአበሻ ጋራዥ፣ ወይም ማናሳስ ያለ ሱባሩ ብቻ የሚነካ ፈረንጅ። ዲለሩ ለምርመራ ብቻ 220 ዶላር አለኝ። የሞከራችሁ የትኛው ይሻላል?

ጎማ በላ
ዘይት ቀይር።

ባለ ሱባሩው
ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ። 5 ደብሊው 30 ሲንተቲክ ነው።

ጎማ በላ
እሱ ውሃ ነው። ወፈር ያለ 20 ደብሊው 50 አድርግበት፣ ድምፁ ይጠፋል።

ዉድብሪጅ ነኝ
አዎ፣ መጀመሪያ ድምፁ ይጠፋል። ቀጥሎ ሞተሩ ይጠፋል።

የሲየና እናት
ስለ ሱባሩ አላውቅም ልጄ። ግን የኮሎምቢያ ፓይኩን ካልክ ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ። ሲየናዬን ከገዛሁ ጀምሮ እሱ ነው የሚሠራልኝ። ሰው አክባሪ ነው። ገንዘብ ሲያጥረኝ "ሲመችሽ ትከፍይኛለሽ" ይለኛል። የትኛው ዲለር ነው እንዲህ የሚል?

ቱርቦ ወዳጅ
እትዬ፣ ቱርቦ ሱባሩ ሠርቶ ያውቃል ግን?

የሲየና እናት
መካኒክ መካኒክ ነው። እጁ የተባረከ ነው እያልኩህ።

ሜሪላንድ 301
ስለ አበሻ ጋራዥ ከተነሳ እኔን ጠይቁኝ። ስሙን አልጠራም። አኩራዬን ፍሪሲዮን እንዲቀይርልኝ ሰጠሁት። ነገ ና አለኝ። በነገታው ዕቃው አልመጣም አለ። ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ እራት ልንበላ ስንሄድ ሬስቶራንቱ በር ላይ የቆመችው መኪና የኔ ናት። ታርጋዋን ሁለቴ ነው ያየሁት። በመስኮት ሳይ ወንበሩ ወደኋላ ተለጥጧል፣ ኩባያ ማስቀመጫው ላይ ግማሽ የተጠጣ ማኪያቶ አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ የዲሲ የፓርኪንግ ቅጣት ተጥሏል። በኔ ታርጋ! ገብቼ ሳየው ክትፎ እየበላ ነው። "ወንድሜ፣ ቴስት ድራይቭ እኮ ነው" አለኝ።

ጎማ በላ
😂😂 ቅጣቱን ማን ከፈለው?

ሜሪላንድ 301
እኔ።

አርሊንግተን በረንዳ
ስሙን ንገረንና ሌላው ሰው ይዳን እንጂ።

ሜሪላንድ 301
አልናገርም። ሚስቱ የባለቤቴ የዕቁብ ጓደኛ ናት።

አርሊንግተን በረንዳ
ጋዝ ማደያው አጠገብ ያለው ነው አይደል?

የሲየና እናት
የኛ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም! በሰው ስም መጫወት ነውር ነው።

ሜሪላንድ 301
ኧረ እትዬ፣ የኔ ሜሪላንድ ነው ያለው። የርስዎ ቨርጂኒያ።

ዉድብሪጅ ነኝ
ልጁ የጠየቀውን የሚመልስ ጠፋ። ወንድሜ፣ እኔ አሁን ትራክ ነው የምነዳው፣ በፊት ግን እዚሁ ጋራዥ ሠርቻለሁ። ስማኝ።

በመጀመሪያ ቀላሉን አጥራ። ሱባሩ ላይ የጭስ ማውጫው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ማሰሪያው ይዝግና ይላቀቃል። ያ ግን ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ ነው፤ እንዳንተ አይከብድም። ጠዋት ብርድ ላይ የሚሰማና ሲሞቅ የሚጠፋ ቢሆን ፒስተኑ ነው ወይም የጭስ ማኒፎልዱ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያው) ያስተነፍሳል እል ነበር። ያንተ ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ነው የሚመጣው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። እግርህን ስታነሳ ከታች የሚያንኳኳ ነገር የሚያስጠረጥረው የቢየላ ብሮንዚን ነው፤ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ማለት ነው። ይሄ ሞተር ደግሞ በዚህ ስሙ የታወቀ ነው።

ሌላም መለያ አለ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የቫልቭ ድምፅ ዘገም ያለና ቀለል ያለ "ጠቅ ጠቅ" ነው። የታችኛው፣ የቢየላው ድምፅ፣ ፈጣንና ከባድ ነው። ስቴቶስኮፕ ከሌለህ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈህ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርግ። ከቺንጋውና ከፋኑ ግን ራቅ።

ባለ ሱባሩው
እግዜር ይስጥልኝ። የዘይት መብራት አለመብራቱ ደህና ምልክት አይደለም?

ዉድብሪጅ ነኝ
አይደለም። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ጨርሶ ሲወርድ ነው፤ እስከዚያ ብሮንዚኑ ያልቃል። ዲፕስቲኩን አየኸው?

ባለ ሱባሩው
አሁን ወርጄ አየሁት። ከታችኛው ምልክት በታች ነው 😬 ከወር በፊት ሙሉ ነበር።

ዉድብሪጅ ነኝ
እንግዲያው አትንዳው። እንደ ወንድም ነው የምነግርህ። ብሮንዚን ብቻ ከሆነ ሞተሩ ሊድን ይችላል። ቢየላው ተበጥሶ ብሎኩን ከበሳው ግን ሌላ ሞተር ነው የምትገዛው። በትሪፕል ኤ (የመንገድ ላይ እርዳታ) አስጎትተህ ውሰደው።

ሦስቱም ቦታ ደውልና ይሄን ጠይቅ፦ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ታያላችሁ? በሜካኒካል ጌጅ የዘይት ግፊት ትለካላችሁ? የኮይሎቹን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን) ሶኬት በየተራ እየነቀላችሁ ድምፁ የቱ ሲሊንደር ላይ እንደሚቀንስ ታዳምጣላችሁ? የዚያኛው ቢየላ ከሆነ፣ ሶኬቱ ሲነቀል ኳኳታው ይረግባል። እሱም ለአፍታ ብቻ ነው፣ ያልነደደ ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ይጎዳል። ፊልትሮው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለና ማግኔት ካልሳበው የብሮንዚን ነው። ይሄን የማያደርግ ሰው ስካነር ሰክቶ "ኮድ የለውም" ብሎ ይሸኝሃል። ለኔ ምርጫው ማናሳስ ነው፤ ሱባሩ ብቻ የሚሠራ ሰው ይሄን ድምፅ በየሳምንቱ ይሰማዋል።

ቱርቦ ወዳጅ
የታይሚንግ ቺንጋው ተቀይሯል? 105 ሺህ ማይል ላይ ነው የሚቀየረው። ያንተ አልፏል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

የሲየና እናት
የኛ ሰውዬም ጆሮ አለው። ገና ግቢ ስገባ ነው "ፍሬንሽ አልቋል" ያለኝ።

ዉድብሪጅ ነኝ
እትዬ፣ የፍሬን ጩኸትማ ጎረቤትም ይሰማዋል።

ስካይላይን ማማ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ። የኔ ኮሮላ የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን ላይ በማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ምክንያት ሪጀክት ተደረገ። ስንት ቀን አለኝ?

አርሊንግተን በረንዳ
15 ቀን። ሮዝ ስቲከሩ ላይ ተጽፎልሃል። በ15 ቀን ውስጥ አሠርተህ እዚያው ከተመለስክ ሙሉውን 20 ዶላር ዳግመኛ አትከፍልም፣ 1 ዶላር ነው።

ስካይላይን ማማ
ተባረክ። ማርሚታ በርካሽ የሚበይድ የት አለ?

የሲየና እናት
ኮሎምቢያ ፓይክ!

ጎማ በላ
ወንድሜ፣ ከምትለፋ ሞተር ቀይረህ ወደ አገር ቤት ላከው። አዲስ አበባ ላይ ስፖርት መኪና ወርቅ ነው።

ቱርቦ ወዳጅ
ዜና አትሰማም እንዴ? እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ካልሆነ አይገባም።

ከሶማሌ ተራ
አዲስ አበባ ነኝ። የሱባሩ ዕቃ ከፈለግክ ሶማሌ ተራ ና፣ የማይገኝ የለም።

ዉድብሪጅ ነኝ
ሰውዬው ቨርጂኒያ ነው። በምን ይምጣልህ፣ መኪናው ቆሟል።

ባለ ሱባሩው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘይት ሞልቼ አቁሜዋለሁ። ነገ እደውላለሁ፣ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

አርሊንግተን በረንዳ
ሁለት ሳምንት ሆነ። ምን ሆነ? የትኛው ጋ ወሰድከው?

ሜሪላንድ 301
የኔው ሰውዬ ጋ እንዳይሆን ብቻ። ቅዳሜ ማታ ሬስቶራንት በር ላይ ፈልጋት።

ስቲአይ 703
ሞተሩ ካለቀለት ሪሞቹን ትሸጥልኛለህ? 17 ኢንች ናቸው አይደል?

ቱርቦ ወዳጅ
ላንተ ስቲአይ አይሆኑም። የብሎን ቀዳዳው የሱ 5 በ100 ነው፣ ያንተ 5 በ114.3።

ስቲአይ 703
ለወንድሜ ነው። ኢንቦክስ አድርግልኝ።