ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ከተቋረጠ በኋላ በአሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ምን ይሻለዋል?

የጓሳ ነፋስ (መሐል ሜዳ)፦

ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ላይ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ማመልከቻ፣ የሽያጭ ውል፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የትምህርት ቤት ፈተናና የሠርግ መጥሪያ እየጻፍኩ የምተዳደረው በሦስት ኮምፒውተሮች ነው። ሁለቱ 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 3 ሲሆኑ 4 ጊጋባይት ራምና የቀድሞው ዓይነት ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ሦስተኛው 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ሆኖ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ሦስቱም ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው።

ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ ብል ግነት ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው የግል ጉዳይ፣ ይልቁንም የፍርድ ቤት ወረቀት፣ በእጄ ስለሚያልፍ ነገሩን ቸል ልለው አልቻልኩም። ምክር የጠየቅሁት አንድ ሻጭ ሦስቱንም ለቁራሌው ሰጥቼ አዲስ እንድገዛ ነገረኝ። ምክሩ ከሻጭ አፍ መውጣቱ አያስገርምም፤ ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው፣ ሦስት ማሽን በአንድ ጊዜ መቀየር ለእኔ ዓይነቷ ቤት የማይታሰብ መሆኑን ይረዳልኛል።

ሊኑክስ የተባለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት ቢጫንባቸው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ የሚሉም አሉ። እኔን የሚያስፈሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፕሪንተሬ ነው፤ ካኖን ኤልቢፒ 2900 የተባለው አሮጌው ሌዘር ሲሆን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሁለተኛው ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፉት ፋይሎቼ ናቸው፤ ውል ያጻፈ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ «ያን ወረቀት አውጣልኝ» ሲለኝ የለም ማለት አልፈልግም። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)፦

በቅድሚያ «ድጋፉ ተቋረጠ» የሚለው አባባል በትክክል ሊታወቅ ይገባል። ኮምፒውተሮችዎ ጥቅምት 5 ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ተከፍተዋል፤ የቀረባቸው በየወሩ ይመጣላቸው የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ በአብዛኛው የተጎዱት ማስተካከያውን ሳይጭኑ የቆዩት ናቸው። ከእንግዲህ በዊንዶውስ 10 ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ፣ ልጫን ቢሉም የሚጫን ነገር የለም ማለት ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር በእርስዎ ማሽኖች በሕጋዊው መንገድ አይቻልም። ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይፈልጋል። ሩፈስ በተባለው መሣሪያ ፍተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ እኔም ለደንበኞች ጭኜ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለው ማሽን ዝማኔ የማግኘት መብት እንደሌለው በግልጽ ስላስታወቀ፣ ነገ ቢቋረጥ አቤት የሚሉበት ቦታ አይኖርም።

ዊንዶውስ 10ን ለተጨማሪ አንድ ዓመት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ የደኅንነት ዝማኔ እያገኙ የመቆየት ዕድልም አለ። ለዚህ ሥርዓቱ 22ኤች2 የሚባለው እትም መሆንና በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ያስፈልጋል፤ ቅንብሮችን ወደ አካውንቱ ማስቀመጥ ለፈቀደ ሰው በነጻ ነው፣ ካልሆነም 30 ዶላር ያስከፍላል። ይሁን እንጂ ይህ ለግል ተጠቃሚ የታሰበ ነው። ለድርጅቶች የተመደበው ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ማሽን 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል፤ በዶላር መክፈያ መንገዱን ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ መሆኑን ሳንረሳ። በተጨማሪም ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር፣ ኦፊስ 2016 እና ኦፊስ 2019 በዚያው ቀን አብረው መቋረጣቸው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የመረጡት ሥርዓት የትኛውም ቢሆን፣ ተሽከርካሪውን ዲስክ አውጥተው ኤስኤስዲ የተባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ያስገቡ። እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት «ማሽኑ እስኪነቃ ሁለት ስኒ ቡና ይጠጣል» እየተባለ የሚቀለደው በደብረ ብርሃን ብርድ እየተሳበበ ነው እንጂ ጥፋቱ የዲስኩ ነው።

የቆላው መምህር (ሸዋ ሮቢት)፦

ከጠጋኙ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ለማራዘም ሲባል የሚደረገው ድካም ለእርስዎ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ከዓመት በኋላ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንገናኛለንና።

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከእርስዎዎቹ የባሱ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ ሚንት ጭነን፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ገጽታ መርጠን እየሠራንባቸው ነው። ሚንት 22 የተመሠረተው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ዝማኔ ያገኛል፤ ዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጊጋባይት ራም ስለሆነ የእርስዎ 4 ጊጋባይት ይበቃዋል። የእኛ ዋና ጠላት እንኳ ሙቀትና አቧራ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ሥርዓት አይፈታውም።

ውሳኔውን ግን በእኛ ቃል አይወስኑ። ሚንትን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ቢያስነሱት፣ በዲስክዎ ላይ ያለውን አንዳች ሳይነካ ሙሉው ሥርዓት ይከፈትልዎታል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ይሞክሩት፣ ካልወደዱት ፍላሹን ነቅለው እንደገና ሲያስነሱ ዊንዶውስዎ እንደነበረ ያገኙታል።

ለጽሕፈት ቤት ትልቁ ጥቅሙ ከፍላሽ ቫይረስ መገላገል ነው። ደንበኛ ይዞት የሚመጣው፣ ማኅደሮችን ሰውሮ አቋራጭ ምልክት የሚተካው ቫይረስ፣ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ምንም የማይሠራ ተራ ፋይል ሆኖ ይታያል፤ የተሰወሩትም ማኅደሮች በግልጽ ይነበባሉ። በዚህ ብቻ ስንት መምህር ጠፋብኝ ያለውን ፈተና መልሼለታለሁ።

የሚያስቸግረው ፕሪንተርዎ ነው። የኤችፒ ሌዘሮች በአብዛኛው ያለ ጭቅጭቅ ይሠራሉ፤ ኤልቢፒ 2900 ግን ካፕት በተባለው በካኖን በራሱ ቋንቋ የሚነጋገር ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ማስኬዱ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። እንደማይሆን አስበው ይዘጋጁ።

ኮስታራው (ዓለም ከተማ)፦

እኔ እስከ ዛሬ በዊንዶውስ 7 እሠራለሁ፣ የደረሰብኝም ነገር የለም። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ለመሸጥ የሚነዛ ወሬ ነው። የሚሠራ ነገር አይነካም።

ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)፦

ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 7 የተቋረጠው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ጉግል ክሮም ለሦስት ዓመት ያህል ታግሦት በ2015 ዓ.ም. ከ109ኛው እትም በኋላ ተወው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ድረ ገጽ አልከፍት ሲልዎት ጥፋቱን በኔትወርክ ላይ ሳያላክኩ አልቀሩም። ከኢንተርኔት ካልተገናኘና ፍላሽ ካልተሰካበት ግን ልክ ነዎት፤ የሚሠራ ነገር አይነካም። የጠያቂያችን ቤት ግን ቀኑን ሙሉ ፍላሽ ሲሰካ የሚውልበት ነው።

የድሮ ራፖር ጸሐፊ (አንኮበር)፦

ስለ ማሽኑ ብዙ ተብሏል። እኔ በታይፕ ጀምሬ በኮምፒውተር የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ፊደሉ ልናገር፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚያ ነውና።

እነዚያ አሮጌ ፋይሎች፣ በተለይ ግዕዝ-1 በተባለው ፎንት የተጻፉት፣ ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደሉም። አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይያዝ በነበረበት ዘመን የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ከዚያም 32ቱ ለትእዛዝ ምልክቶች የተያዙ ነበሩ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ እንደ «ሟ» እና «ቋ» ያሉትን ዲቃላዎች፣ 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡን ስንጨምር ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ የላቲኑን ፊደላት ቦታ ወስደው የአማርኛ ቅርጽ ሳሉበት፤ ያልበቃቸውን ደግሞ እንደየሶፍትዌሩ ወይ በቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ወይ በተጨማሪ ፎንት አኖሩት። በዘመኑ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ሆኖም ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ወይም ወደ ቴሌግራም ሲለጠፍ ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ለዚያውም ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለየራሳቸው ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው የጋራ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ቢሆንም፣ እኛ ጸሐፊዎች ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙ ዓመት በአሮጌው መንገድ መጻፋችንን አልተውንም፤ እጃችን ለምዶታልና።

ከዚህ የተነሳ ለእርስዎ የምለው፣ ፎንቶቹን ከዊንዶውሱ ገልብጠው ሊኑክስ ላይ ቢያስቀምጧቸው ፋይሎቹ ሊብረኦፊስ በተባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም እንደነበሩ ይነበባሉ። ነገር ግን ማንበብና ማዳን የተለያዩ ናቸው። ዊንዶውሱ በእጅዎ ሳለ አስፈላጊዎቹን ሁሉ ፎንቱን በውስጡ በሚይዘው ፒዲኤፍ ያስቀምጧቸው፤ እንደገና የሚታረሙትን ብቻ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ፤ ዋናውን ፋይል ግን አያጥፉት። በመቀየሪያ ሶፍትዌር የተቀየረን ጽሑፍ ደግሞ ሳያነቡ ለደንበኛ አይስጡ፤ ዲቃላ ፊደላት ላይ ይሳሳታልና።

አንድ ነገር ልጨምር። በኒያላ የተጻፉት አዲሶቹ ፋይሎችዎ ዩኒኮድ ስለሆኑ ሊኑክስም ላይ ይነበባሉ፤ ኒያላ ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ በሌላ ይተካዋል፤ በዚህ ጊዜ መስመሩ ይዛነፋል፣ ሦስት ገጽ የነበረው አቤቱታ አራተኛ ገጽ ላይ ፊርማውን ብቻ ጥሎ ያገኙታል። ከእንግዲህ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም የኖቶን የኢትዮጵያ ፎንት ይልመዱ፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙና በሁለቱም ሥርዓት አንድ ዓይነት ናቸው። ለመጻፊያ ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በሊኑክስም ይሠራል። እጅዎ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ይበሳጫሉ፤ እኔ ተበሳጭቻለሁ።

የጓሳ ነፋስ (መሐል ሜዳ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

እንደ መምህሩ ምክር ሚንትን ከፍላሽ አስነሥቼ ሞከርኩት፤ ኮምፒውተሩ፣ ኪቦርዱና ፎቶ ኮፒው ሁሉ ታወቁ፣ ፕሪንተሩ ግን እንደተባለው አሻፈረኝ አለ። ስለዚህ ሁለቱን አይ 3ዎች ኤስኤስዲ አስገብቼ ወደ ሚንት አሻግሬአቸዋለሁ፤ አይ 5ቱ በዊንዶውስ 10 እንደሆነ ቀርቷል፣ የኢንተርኔት ገመዱን ግን ነቅዬበታለሁ። የማተሚያና የአሮጌ ፋይሎች ማሽን እሱ ሆነ። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካው ሚንቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ የተጻፈው በፒዲኤፍ ሆኖ በእኔው አንድ ፍላሽ ወደ እሱ ተሻግሮ ይታተማል። መመላለሱ ጊዜ ይወስዳል፤ በገበያ ቀን ሰልፉ ሲረዝም እንደምማረር ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

የአንኮበሩ አባቴ ስለ ዲቃላ ፊደላት የተናገሩት ግን በመጀመሪያው ቀን ደረሰብኝ። ለሙከራ የመረጥኩት በ2003 ዓ.ም. የጻፍኩትን የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ነበር። ወደ ዩኒኮድ ስቀይረው ሁሉ መልካም መስሎኝ ሳነብ፣ «ሟ» በገባበት ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ተቀምጧል፤ በዕድር ደንብ ውስጥ «ሟች» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እናንተው ገምቱት። በፈልግና ተካ እንዳላስተካክለው «ቋ» እና «ጓ»ም ያንኑ አራት ማዕዘን ሆነዋል። አሁን የታተመውን የጥንቱን ቅጂ ከዕድሩ ጸሐፊ ተውሼ መስመር በመስመር እያመሳከርኩ ነው፤ አንቀጽ 9 ላይ ደርሻለሁ።

የድሮ ራፖር ጸሐፊ (አንኮበር)፦

ልጄ፣ አንቀጾቹን ሲጨርሱ የአባላቱን ስም ዝርዝርም እንዳይዘነጉ። እኔ ጋ «ቋንቋዬ» የተባለች ሴት ከዝርዝሩ ወጥታ መዋጮዋ አልተከፈለም ተብሎ ሊያጣላን ነበር።