ከሱሉልታ አዲስ አበባ፣ ክረምት ከበጋ የሚነዳ ብስክሌት፦ ፍሬኑና ጎማው ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ በሳምንቱ ለሥራ ልመላለስበት፣ ቅዳሜና እሁድ ዕቃ ጭኜ ራቅ ልልበት ነው። ፍሬኑ የቸርኬ (ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ) ይሁን የዲስክ (ጎማው መሃል ያለውን ክብ ብረት የሚይዝ)?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ለእንጦጦ ቁልቁለት ዲስክ ያዝ። የቸርኬ ፍሬን ጭቃ ሲይዝ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ሲሳሳ ይሰነጠቃል። በሽቦ የሚሠራውን ምረጥ፤ ሽቦ መንገድ ላይም ትቀይረዋለህ፣ የዘይቱ ግን ካፈሰሰ የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። የፍሬኑ ሸራ (ዲስኩን የሚቆነጥጠው) የብረት ቅይጥ ይሁን፣ ለስላሳው በዝናብ ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ዲስክ ለለስላሳ ሸራ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

መልስ 2፦ በፍሬኑ እስማማለሁ። ጎማ 26 ኢንች፣ ስፋቱ 2 ኢንች ገደማ፤ ለኮረኮንቹ ቀጭን አይሆንም። ፓራፋንጎው ከጎማው 1 ሳ.ሜ ይስፋ፣ በመሃላቸውም የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ተው። አለዚያ ጥቁሩ ጭቃ ታጭቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል።

ጠያቂው፦ ማርሹስ? መመለሻው ዳገት ነው።

መልስ 3፦ ከጭነት ጋር የፊቱ ትንሹ 26 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 34። ከዚህ የከበደ ጉልበት ይጎዳል። ሰንሰለቱን በሜትር ለካ፦ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተህ 24 ፒን ስትቆጥር አዲሱ ልክ 12 ኢንች ይሆናል። በ1/16 ኢንች ከረዘመ ቀይረው፤ ካቆየኸው የኋላውን ጥርስም ይጨርሰዋል።