«ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» ማለት ምን ማለት ነው?

የጠባሴው፦ ትናንት ፖሊስ ስልክ ስለሚጠልፍበት ፈቃድ ስናወራ አንዱ «ወንጀለኛው ይያዝ እንጂ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» አለ። ሲከነክነኝ አደረ። ወረቀት ያልከው እኮ የፍርድ ቤት ፈቃድ ነው! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የምናወራው አይደፈርም ይላል። የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በዝርዝር ሕግ ነው። ኋላ የሚደርስ ፈቃድ ምኑ ፈቃድ ነው?

የሮቢቱ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። የአክስቴን ልጅ አግተው ገንዘብ ሲጠይቁን ሰባት ቀን ስልክ ታቅፈን ነው የከረምነው። ያኔ ዳኛ እስኪፈርም ጠብቅ ብትለኝ አልሰማህም ነበር። አንተ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለህ መንገዱን አታውቀውም።

የጠባሴው፦ መንገዱንማ አውቀዋለሁ። ጣርማ በርን ነፍሴን ይዤ ነው የማልፈው። ግን እናንተ ጋ የተደወለውን እናንተው ፈቅዳችሁ ታሰማላችሁ። ክርክሩ ሳያውቅ ስለሚጠለፍ ሰው ነው።

የመንዟ፦ ኋላ ይደርሳል የሚል ሕግ እኮ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 25ን እዩት። ቁልፍ መሠረተ ልማት የሚጎዳ የኮምፒውተር ወንጀል ሲሆንና ነገሩ ሲያጣድፍ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ማለትም የዛሬው የፍትሕ ሚኒስትር፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈቅዳል። ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ዕገታ እዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም።

የሮቢቱ፦ ይኸው፣ ሕጉም ኋላ ይደርሳል ብሏል!

የጠባሴው፦ እሱ 48 ሰዓት ብሎ ቆርጦታል። አንተ መቼ ይደርሳል አልክ?

የድሮ ጠበቃ፦ ልጆች፣ እኔን የሚያሳስበኝ ካልደረሰስ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ያለፈቃድ ስለተጠለፈ ድምፅ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለውም። ስለዚህ ስትቃወም የምትቆምበት መሬት ጠባብ ነው። አንድ ጊዜ በደንበኛዬ ላይ የቀረበው የስልክ ግልባጭ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። «እቃው ገብቷል» የምትለው በቀይ ተሰምሮባታል። ሰውየው የብርድ ልብስ ነጋዴ ነው። ድምፁን አሰሙን ብዬ ሦስት ቀጠሮ ተመላለስኩ። ከዚያች ቃል በፊትና በኋላ ምን እንደተባለ ሳልሰማ መዝገቡ ተዘጋ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሮቢቱ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ለነጋዴው የሚያዝኑትን ያህል ለታጋቹም ይዘኑ።

የድሮ ጠበቃ፦ ላልታገተ መቆርቆር በታገተ መጨከን ነው ያለህ ማነው ልጄ?

የመንዟ፦ የሙስናውን ሕግ ማንም አላነሳውም እኮ። አዋጅ 434/1997 አንቀጽ 46 መርማሪው አካል በራሱ ኃላፊ ትእዛዝ እንዲጠልፍ ይፈቅዳል። ወንጀሉና ጊዜው ትእዛዙ ላይ ይጻፋል፣ ዳኛ ግን የለበትም። እኔ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። የሚመረምረውም የሚፈቅደውም አንድ ቤት ነው።

የሮቢቱ፦ እና ለገንዘብ ከተፈቀደ ለሰው ነፍስ ለምን ይከለከላል?

የጠባሴው፦ ያኛውም ዳኛ ፊት ይሂድ ነው የምንለው!

የሮቢቱ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ የሚፈርም ዳኛ አሳየኝና ዝም እላለሁ።

የጠባሴው፦ እሱን ጠይቅ እንጂ! ሌሊትም ተረኛ ዳኛ ይመደብ በል፣ አብሬህ እጮሃለሁ። «ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» ያልካትን ግን አንሳት።

የሮቢቱ፦ አላነሳም።